ከምድር ባቡር በፊት የነበረው ሕግ

የድሬዳዋን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ከምድር ባቡር ይጀምራሉ፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ፣ ወደ ደጋው ለመውጣት ዳገቱም ወጪውም ስለ ከበደ፣ ሐረርን በተራራው ላይ እንዳለች ትቶ በ1895 ዓ.ም ከደቻቱ ወንዝ ዳር በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ ከጣቢያው ጋር አብራ ተወልዳለችና። ነገር ግን ሐዲዱ አቋርጦት የመጣው ቆላ ባለቤት የሌለው ምድር አልነበረም፤ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመሉን፣ ፍየሉንና በጉን አስከትለው፣ የዘነበበትን እየተከተሉ የሚኖሩበት፣ በብራና ያልተጻፈ ሆኖም ከአበው ወደ ውሉድ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ሕግ ያለው አገር ነበረ።

ይህ ሕግ ሄር ኢሴ ይባላል። ትውፊቱ እንደሚያወሳው 44 አዋቂዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መክረው ደነገጉት፤ የደም ካሣንና የወንጀልን ቅጣት፣ የኢሳን ስድስት ጎሳዎች አስተዳደር፣ የሰውን ጠባይና ምግባር ሁሉ አጠቃልሎ የያዘ ሲሆን፣ የበላይ ሆኖ የሚሾመው ኡጋዝም የሕጉ ጠባቂ እንጂ ጌታው አይደለም። ውኃና ግጦሽ ጥቂት በሆኑበት ምድር፣ ማን ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚያጠጣና እንግዳ መንጋ እንዴት እንደሚስተናገድ ካልተወሰነ ሰላም አይገኝም፤ እኔም ይህን ሕግ በየመጻሕፍታችን ዳር ላይ እንደ ልማድ ብቻ መጥቀሳችንን እንደ ጉድለት እቈጥረዋለሁ።

የባቡሩ ሠራተኞች ወደ ቆላው በገቡ ጊዜ የኢሳ ጦረኞች አደጋ ጣሉባቸው። ይህን ሽፍትነት ብቻ አድርጎ መተረክ ቀላል ነው፤ ዳሩ ግን በግመል ጭነት ይኖር የነበረ ሕዝብ፣ የቅፍለቱን ሥራ የሚነጥቀው ብረት ሳይጠየቅ በግጦሹ መካከል ሲዘረጋ ምን ሊሰማው ይችል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ሁለተኛው ያልተጠየቀ እንግዳ ዛፍ ነው። ፕሮሶፒስ የሚሉት እሾሃም ተክል በደርግ ዘመን፣ ድርቅንና የአፈር መሸርሸርን ይመክታል ተብሎ፣ በድሬዳዋ በጎሮ ችግኝ ጣቢያ መፍላቱ ይነገራል። አሳቡ መልካም ነበር። ከብቶች ግን ጣፋጩን ፍሬ በልተው ዘሩን በየሄዱበት በእበታቸው ዘሩት፤ ሥሩ ወደ ጥልቅ ወርዶ ውኃ የሚስበው ዛፍ የአገሩን ሣር አጥፍቶ፣ መንጋ የማያሳልፍ ጥሻ ሆነ፤ በአፋር ክልል ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል።

የአገሩን ሰው ሳይጠይቁ ከመጡት ከእነዚህ ሁለት እንግዶች ታሪክ ጋር የሚነጻጸር ነገር በዓለም ሰሜናዊ ዋልታ አካባቢ ይገኛል፤ በዚያ በዓሣና በባሕር እንስሳት አደን የሚኖሩት ኢኑይቶች፣ በረዶው ሲቀልጥ የሩቅ አገር ዓሣ አጥማጅ መርከቦች ባሕራቸውን እንዳይወርሩባቸው ይሠጉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በግሪንላንድ ኢሉሊሳት ላይ የተፈረመውና በ2021 የጸናው ስምምነት፣ 2.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆነው በማዕከላዊው የአርክቲክ ውቅያኖስ ላይ ለመጀመሪያዎቹ 16 ዓመታት የንግድ ዓሣ ማጥመድን የከለከለ ሲሆን፣ በድርድሩ ኢኑይቶች ከመንግሥታቱ ልዑካን ጋር ተቀምጠዋል፤ የነባር ሕዝቦችም ዕውቀት ከሳይንሱ ጎን እንዲታይ በውሉ ተጽፏል።

ሄር ኢሴም በ2017 ዓ.ም በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ክብሩ የሚገባው ነው፤ ይሁንና ሕግን በቅርስነት መመዝገብና፣ የቆላው ግጦሽ ዕቅድ በሚወጣበት ጉባኤ ለሕጉ ሽማግሌዎች ወንበር መስጠት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ኢኑይቶች በኢሉሊሳቱ ስምምነት ያገኙት ሁለተኛውን ነው።