የባሕር ነፋስ ልኬት፦ ከኩባያ እስከ ሌዘር

በባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ከመተከሉ በፊት የቦታው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይለካል። በነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ሣልስ ርቢ ነው፤ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢጨምር ኃይሉ በ33 በመቶ ይጨምራል። በልኬቱ ላይ ያለች ትንሽ ስሕተት አበዳሪው ባንክ ዘንድ ስትደርስ ብዙ ሚሊዮን ትሆናለች።

ለዚህ ሥራ ለረጅም ጊዜ የታመነው አየርላንዳዊው ቶማስ ሮምኒ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 የሠራው ባለ ኩባያ መለኪያ ነበር። ነፋሱ ጎድጓዳዎቹን ኩባያዎች እየገፋ ያሽከረክራል፤ ከዙሩ ብዛት ፍጥነቱ ይታወቃል። መሣሪያው ርካሽና ጠንካራ ቢሆንም የሚለካው የተሰቀለበትን ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ የከፍታን ነፋስ ለማወቅ ማማ መትከል ግድ ነበር።

የመጀመሪያው የባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ፣ በ1991 በዴንማርክ የተከፈተው ቪንደቢ፣ ለየብስ ቅርብ ሲሆን 11 ተርባይኖቹም ትንንሾች ነበሩ። ማመንጫዎቹ ወደ ጥልቁ ባሕር ሲገፉ ግን የማማው ወጪ አብሮ ናረ። ጀርመን በ2003 ከቦርኩም ደሴት በስተሰሜን 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያቆመችው ፊኖ 1 የተባለ የመለኪያ ማማ የተተከለው 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ነው፤ መለኪያዎቹም እስከ 100 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። በ2010 አጠገቡ ለተመረቀው የአልፋ ቬንቱስ ማመንጫ ይህ ከፍታ በቂ ነበር። የዛሬዎቹ ተርባይኖች ክንፍ ጫፍ ግን ከ250 ሜትር በላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ማማ በባሕር መካከል ማቆም ለማንም አያዋጣም።

መፍትሔው በብርሃን በኩል መጣ። ሊዳር የተባለው መሣሪያ የሌዘር ጨረር ወደ ሰማይ ይልካል፤ ነፋሱ ተሸክሞት የሚሄደው ብናኝና የባሕር ጨው ከጨረሩ ጥቂቱን ይመልሳል። ክርስቲያን ዶፕለር በ1842 እንደገለጸው፣ ከተንቀሳቃሽ ነገር የሚመጣ ሞገድ ድግግሞሹ ይለወጣል። ለውጡ እጅግ ትንሽ ነው፦ በሰከንድ ወደ 193 ትሪሊዮን ጊዜ ከሚርገበገበው ብርሃን ላይ፣ ጨረሩ በሚያይበት አቅጣጫ ለሚነፍስ የሰከንድ 1 ሜትር ነፋስ የሚለወጠው 1.3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። የተመለሰው ብርሃን ከመነሻው ጋር ሲደባለቅ ግን ልዩነቱ ይነበባል። ጨረሩ ዘንበል ብሎ በተለያየ አቅጣጫ ሲላክም የነፋሱ ፍጥነትና አቅጣጫ አብረው ይገኛሉ።

የ1970ዎቹ የነፋስ ሊዳሮች ግዙፍና ውድ ነበሩ። ያሳነሳቸው የነፋስ ኃይል ኢንዱስትሪ ሳይሆን ቴሌኮም ነው፤ ለፋይበር መስመር የተሠሩት የሌዘር ክፍሎች በብዛት መመረት ሲጀምሩ ሊዳሩም በሰው እጅ የሚነሣ ሣጥን ሆነ። የእንግሊዙ ዜፊርና የፈረንሳዩ ዊንድኪዩብ በ2000ዎቹ ገበያ የገቡት በዚህ መንገድ ነው።

ፊዚክሱ አከራካሪ አልነበረም፤ አስቸጋሪው ባንኮችን ማሳመን ነበር። የዴንማርኩ የሪሶ ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሆቭሶሬ የሙከራ ጣቢያ ሊዳሮቹን ኩባያ ከተሰቀለበት 116 ሜትር ማማ አጠገብ አስቀምጠው ንባቡን አነጻጸሩ። ለአዲሱ መሣሪያ መመስከር የነበረበት፣ እሱ ሊተካው የመጣው አሮጌው ነበር።

ቀጣዩ ደረጃ ሊዳሩን በተንሳፋፊ ላይ መጫን ነበር። ማዕበል የሚያናውጠው መሣሪያ ትክክል ይለካል ብሎ ያመነ ጥቂት ነው። ይሁንና በአሥር ደቂቃ አማካይ ውስጥ የማዕበሉ ውዝዋዜ በአብዛኛው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የብሪታንያው ካርቦን ትረስት ድርጅት በ2013 ተንሳፋፊ ሊዳሮች ተቀባይነት የሚያገኙበትን ባለ ሦስት እርከን መመዘኛ አወጣ፤ ለንጽጽሩም እንደ ፊኖ 1 ያሉት ነባር ማማዎች ጠቀሙ። በ2020 የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ሁለት ተንሳፋፊ ሊዳሮችን በካሊፎርኒያ ዳርቻ፣ በሞሮ ቤይና በሃምቦልት አሰማራ። የባሕሩ ጥልቀት በሁለቱም ቦታ ከ500 ሜትር በላይ በመሆኑ ማማ የሚታሰብ አልነበረም። በ2022 መጨረሻ የሁለቱ አካባቢዎች አምስት የባሕር ቦታዎች የኪራይ መብት ለጨረታ ቀርቦ ተሸጠ።

ኩባያው ግን ሙሉ በሙሉ አልተተካም። ሊዳር የሚያነበው የአንድ ነጥብን ሳይሆን ሰፋ ያለ የአየር ክፍልን አማካይ ስለሆነ ድንገተኛውን የነፋስ ሽውታ ያለዝበዋል፤ በተንሳፋፊ ላይ ደግሞ የማዕበሉ እንቅስቃሴ የሌለ የነፋስ ሁከት ሊጨምርበት ይችላል። ክንፎቹና ምሰሶው የሚሸከሙት ጫና የሚሰላው በዚሁ ሁከት በመሆኑ፣ ለዚህ ልኬት መሐንዲሶች ማማ ላይ የተሰቀለውን መለኪያ አሁንም ይመርጣሉ።