«ቲቸር፣ ጉጌ በረዶ አለው?»

ሼቻ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ከታች አባያና ጫሞ፣ መሃላቸው የእግዜር ድልድይ። ቱሪስቱ ሁሉ ካሜራውን ወደዚያ ያዞራል። እኛ የአርባ ምንጭ ልጆች ግን ለሐይቆቹ ጀርባ ሰጥቶ ማየትንም እናውቅበታለን። በዚያ በኩል፣ ደመናው ውስጥ፣ የጋሞ ደጋ አለ፤ ዶርዜ፣ ጨንቻ፣ ጉጌ። የጂኦግራፊ መምህራችን ከመጽሐፉ «ጉጌ፣ 4,200 ሜትር» ብሎ ሲያነብልን አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ በረዶ አለው?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ጉጌ ላይ እንኳ ከሚወርደው ጠጠር በረዶ በቀር የለም። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ስለ ሌላው የአገራችን ተራራ፣ ስለ ስሜን፣ በዚሁ ጥያቄ ስንት ሰው እንደተነታረከ ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። (ዘመኖቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ይደርሳል። አፄ ካሌብ ባሕር ተሻግረው ለመዝመት የሚሰናዱበት ጊዜ ነው። ኮስማስ እዚያ ከእብነ በረድ በተሠራ ዙፋን ላይ በግሪክኛ የተቀረጸ የድሮ ጽሑፍ ያገኝና ይገለብጠዋል። (እብነ በረድ ማለት ራሱ «የበረዶ ድንጋይ» ማለት ነው፤ ግጥምጥሞሹ ደስ አይልም?) ስሙ ያልተገኘው የአክሱም ንጉሥ በዚያ ጽሑፍ ድሎቹን ይዘረዝራል። ወንዙን ተሻግሬ ስሜኖችን ወጋሁ፤ ተራሮቻቸው ለመውጣት የሚያስቸግሩ፣ ውርጭና በረዶ የማይለያቸው፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበቱ የሚያሰጥም ነው ይላል። «ዓባይ» ብሎ የጠራውን ወንዝ የታሪክ ሰዎች ተከዜ ነው ይሉታል። እንግዲህ በአገራችን ተራራ ስለ መውጣት ከተጻፉት ጥንታዊ ወሬዎች አንዱ ይህ መሆኑ ነው። ወጪዎቹ ደግሞ ስፖርተኞች ሳይሆኑ ወታደሮች ነበሩ፤ በምን ጫማ እንደወጡ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ብዙ ዘመን ያልፍና በ1770 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በሊማሊሞ በኩል ወጥቶ ጎንደር ይገባል። ብሩስ በስሜን በረዶ የሚባል ነገር አላየሁም ብሎ ጻፈ። ከእሱ በፊት የመጡት የፖርቱጋል ኢየሱሳውያን ደግሞ አለ ብለው ጽፈው ነበር። በ1810 እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት መጣና በኤፕሪል ወር የስሜንን ጫፎች ነጭ ሆነው አየ። ብሩስን ሲተችም ነገሩ ቀላል ነው፤ ሰውየው ከተራራው ግርጌ መች አለፈና አለ።

እኔ ከሳልት ጋር ነኝ፤ ግን ብሩስንም ዋሸ አልለውም። የኛ «በረዶ» ከሰማይ የሚወርደውን ጠጠር፣ እንደ ጥጥ የሚበነውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም ይጨምራል። ለጥጡ «አመዳይ» የሚል ቃል አለን፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ሰው «በረዶ አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የትኛውን እንደተጠየቀ በምን ይወቅ?

የሳልትን ወር ደግሞ ልብ በሉ። ኤፕሪልና ሜይ፣ የኛ ሚያዝያና ግንቦት፣ በአልፕስ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ ላይ ወጥተው በስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎች የሚናፍቁት ጊዜ ነው። ክረምቱን ሙሉ የተከመረው በረዶ ረግቷል። ሌሊት ይጠጥራል፣ ቀን ይላላል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ይወጣሉ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ይወርዳሉ። ስሜን ግን ከምድር ወገብ ብዙ አይርቅም። የወሩና የወሩ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በሌሊቱና በቀኑ መካከል ነው። ሌሊት የነጣው ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል። አይከመርም፤ ካልተከመረ ደግሞ ስኪ የለም።

ስኪ ባይኖርም «የመጀመሪያ ወጪ» የሚል ማዕረግ ግን አልቀረልንም። ራስ ደጀንን (ዳሽን የሚሉትን) በ1841 መጀመሪያ የወጡት ፌሬና ጋሊኒየ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ናቸው ይላል መዝገቡ። «ተመዝግቦ የሚታወቀው» ብሎ ቢጨምር ምን ነበረበት? ከብቱን እዚያ ሲያግድ የኖረው እረኛ ማስታወሻ ደብተር ስላልያዘ አልወጣም ማለት ነው?

በ2019 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነገሩን ይበልጥ ያስቃል። ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በሚባል፣ ከ3,400 ሜትር በላይ በሆነ ዋሻ፣ ሰዎች ከ30 ሺህ ዓመት በፊት ይኖሩ ነበር። ያኔ የባሌ አናት ግግር በረዶ ለብሶ ነበር። ምግባቸው ግዙፉ ፍልፈል ነበር። መሣሪያ የሚሠሩበትን የባልጩት ድንጋይ ለማምጣት ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጡ ነበር። የኛውም ሰፈር አይታማም። በጋሞ ደጋ ሞታ ዋሻ የተገኘው፣ «ባይራ» (በኩር) የተባለው የ4,500 ዓመት ሰው፣ በ2015 ዘረመሉ ሲነበብ ከደጋ ኑሮ ጋር የሚያያዙ ምልክቶች ተገኝተውበታል።

በስኪ በኩል ደግሞ አንድ ሰው አለን፤ ሮቤል ተክለማርያም። አዲስ አበባ በ1974 ተወልዶ፣ በልጅነቱ አሜሪካ ሄዶ እዚያ ስኪ የለመደ ነው። በ2006 በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ቀረበ፤ ከኛ አገር የመጀመሪያው። የተወዳደረበት ስፖርት ስሙ ምን መሰላችሁ? አገር አቋራጭ! እነ ቀነኒሳ በሩጫ ዓለምን ባስጨነቁበት ስም እሱ በበረዶ ላይ 15 ኪሎ ሜትር ሄዶ 83ኛ ወጣ። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ደግሞ 93ኛ። ያኔ የሳቀ ሰው ነበር። እኔም ሳቅኩ፤ አሁን ሳስበው ያ ሳቅ የክፍላችን ሳቅ ነው።

ባለፈው ግንቦት ጨንቻ ወጣሁ። ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ከሙዝ ተነስታችሁ ፖም ትደርሳላችሁ። የበልጉ ዝናብ አላባራም፤ መኪናችን ጭቃ ያዘውና ወረድን። ጭነት በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶች ጎንበስ ብለው ዳገቱን እየወጡ አለፉን፤ አንዷ «ኑ እንግዲህ፣ በእግር ይሻላል» አለችን። ከመንገዱ በላይ፣ ረግረግ ባለው ሣር ላይ፣ ሦስት ልጆች የእንሰት ቅጠል ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። ቡልኮ የለበሰ ሽማግሌ ቆሞ ያያቸዋል። ታች ሲደርሱ ቅጠላቸውን ይጎትቱና መልሰው ይወጣሉ።