የጋሞ የፖለቲካ ውክልና

የጋሞ የፖለቲካ ውክልና ከምርጫ ኮሮጆ ይቀድማል። በደጋው ሕዝቡ ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ተሰብስቦ በየተራ ይናገራል፤ ጉዳዩም እስኪስማሙበት ድረስ ይመከርበታል። በመስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በቁጡ ወጣቶች ፊት ሲንበረከኩ አገር ያየው የዚህኑ ሥርዓት የሽምግልና ገጽታ ነው።

በዘመናዊው አስተዳደር አካባቢው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር። መቀመጫውም ከጨንጫ ወደ አርባ ምንጭ፣ ሴቻና ሲቀላ የተባሉት ሰፈሮች ወደተቆረቆሩበት ስፍራ ወረደ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫን ፈቀደ፦ ለ200,000 ነዋሪ አንድ የምርጫ ወረዳ፣ ለአንድ ወረዳ ሁለት እንደራሴ። ዕጩው ግን ንብረት ያለው መሆን ነበረበት፤ ድሃው ገበሬ መምረጥ እንጂ መመረጥ አልቻለም።

ደርግ ፓርላማውን በተነ። በ1979 የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎ 835 መቀመጫ ቢኖረውም ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር።

ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ የአንድ ምርጫ ክልል መቀመጫ ብዙ ድምፅ ላገኘው ዕጩ ይሰጣል። የአስተዳደር ወሰኑ ግን ደጋግሞ ተቀይሯል፦ ጋሞን ያቀፈው የሰሜን ኦሞ ዞን በ1993 ፈረሰ፤ በአንድ ዞን የነበሩት ጋሞና ጎፋ በ2011 ተለያዩ። ጥር 29 ቀን 2015 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔም ጋሞ ከሌሎች አምስት ዞኖችና ከአምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልን መሠረተ።