ማዕድን ሊማሩ ሄደው ሰዓሊ የሆኑት

«የምትወደውን ሥራ» የሚሉ አነቃቂ ንግግሮች ሲበዙብኝ አፈወርቅ ተክሌ ትዝ ይሉኛል።

ከጣሊያን ወረራ የወጣችው ኢትዮጵያ መሐንዲስ ቸግሯት ነበር። አንኮበር የተወለዱት አፈወርቅም እ.ኤ.አ. በ1947፣ በ15 ዓመታቸው ገደማ፣ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነው። እዚያ ግን መምህራኖቻቸው የሥዕል ተሰጥኦአቸውን አዩ። ትምህርታቸውን ቀይረው መጀመሪያ ለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ስሌድ ገቡ። (ዛሬ ቢሆን «የመንግሥት ገንዘብ አባከነ» ብለን እንጮህበት ነበር።)

ሲመለሱ ትልቅ ሹመት መያዝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን አገር ሲዞሩ ቆዩ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርዕያቸውን አሳዩ፤ ከዚያ ባገኙት ገንዘብ እንደገና አውሮፓ ሄደው የመስታወት ሥዕል ጥበብን ተማሩ። የአፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል የዚያ ፍሬ ነው።

ሙላቱ አስታጥቄም ዌልስ ሲላኩ ለምህንድስና ነበር። ሙዚቀኛ ሆነው መጡ።

ሁለቱም ፍላጎት ብቻ አልነበራቸውም። መንገድ ለመቀየር የሚያስችል ክፍት በር ነበራቸው፤ ከተቀየረ በኋላም ለዓመታት ተምረዋል። አነቃቂዎቻችን ይህን ይዘሉታል። ዛሬ በውጤት ተደልድሎ ያልመረጠው የትምህርት ክፍል የደረሰው ልጅ፣ ቅያሬ ፍለጋ ማመልከቻ ይዞ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ሴሚስተሩ ያልፍበታል። ከዚያ በኋላ «ፍላጎትህን ተከተል» ብሎ ለዚህ ልጅ መስበክ ምን ይጠቅመዋል?