አዲስ የሞተር ሳይክል ጎማ በመንገድ እና በውድድር መም ላይ

ሞተር ሳይክል መሬት የሚነካው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱም ቦታ ከአንድ ሰው መዳፍ እምብዛም አይሰፋም። ፍሬን ሲያዝ፣ መታጠፊያ ሲዞር፣ ሰው ወይም የእህል ጆንያ ከኋላ ሲጫን ክብደቱን ሁሉ የሚሸከመው ይኸው ቁራጭ ላስቲክ ነው። አሮጌ ጎማውን በአዲስ የቀየረ አሽከርካሪ ታዲያ ከዚያች ቀን ጀምሮ ስጋት የቀረለት ይመስለዋል። ነገር ግን አዲስ ጎማ ከሌላው ጊዜ ይልቅ የሚያንሸራትተው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመነጫል። ጎማ በጋለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በስሎ ሲወጣ ገጹ ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ይሆናል፤ ይህ ልሙጥነት በመንገድ ተፍቆ እስኪሻክር ድረስ በሙሉ ዐቅሙ አይቆነጥጥም። ርቀቱ እንደ ጎማው ዓይነት ቢለያይም፣ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ድንገተኛ ፍሬንን በማስወገድና በመታጠፊያ ላይ ማዘንበልን ጥቂት በጥቂት በመጨመር መንዳት ይመከራል። ቀጥ ባለ አስፓልት ላይ ብቻ የተነዳ ጎማ መሐሉ ቢፈተግም ጎንና ጎኑ ገና እንዳልተነካ ይቆያል። ገጹን በቤንዚን ማጠብ ላስቲኩን ይጎዳል እንጂ ነገሩን አያፋጥንም። ለመኪና ጎማ ማሳመሪያ የሚቀባው ቅባትማ መሬት በሚነካው የሞተር ሳይክል ጎማ ገጽ ላይ ጨርሶ መድረስ የለበትም።

የቅርጹም ለውጥ ያስደነግጣል። ያረጀ ጎማ መሐሉ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሲሆን አዲሱ ክብ ነው። በዚህ ምክንያት ሞተር ሳይክሉ አሽከርካሪው ከለመደው ፈጥኖ ወደ መታጠፊያው ያዘነብላል።

በውድድር መም ላይ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ሚሼሊን እ.ኤ.አ. በ2016 ብቸኛ አቅራቢነቱን በተረከበበት የሞቶ ጂፒ የዓለም ሻምፒዮና፣ ለደረቅ መም የሚውለው ጎማ አንድም ጥርስ የለውም፤ ገጹ በሙሉ መሬት እንዲነካ ታስቦ የተሠራ ነው። ከመነሻው በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ እስከ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሞቃል። እዚያ አዲስ ጎማ ምርጥ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ነው፤ 40 ደቂቃ ገደማ በሚፈጀው አንድ ውድድር ዕድሜው ያበቃል። ዝናብ ሲጥል ተወዳዳሪዎቹ ውኃ የሚያስወጣ ጥርስ ወዳለው ጎማ ይለውጣሉ።

የውድድር ጎማ ገዝቶ ወደ ሥራ ለመሄድ መነሣት እንግዲህ ትርፍ የለውም። በከተማ ፍጥነት የሚፈልገውን ሙቀት አያገኝም፤ ያልሞቀ የውድድር ጎማ ደግሞ ይደርቃል፣ ያንሸራትታል። ለመንገድ የተሠራው ጎማ በውህዱ ውስጥ ሲሊካ ሲኖረው በብርድና በእርጥብ መንገድ የተሻለ ይይዛል። አንዳንዱም ረጅም ጊዜ እንዲያገለግል መሐሉ ጠንካራ፣ መታጠፊያ ላይ እንዲቆነጥጥ ጎኑ ለስላሳ ተደርጎ ይሠራል።

ከቀበሌ ኮረኮንች ተነሥቶ ወደ ከተማ አስፓልት ለሚወጣ ሰው ምርጫው ቀላል አይደለም። ጥርሱ ጎላ ጎላና ራቅ ራቅ ያለ ጎማ በጭቃ ላይ አቻ የለውም። አስፓልት ላይ ግን የሚነካው ገጽ ስለሚያንስና ጥርሶቹ ስለሚታጠፉ ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይቆማል፣ ቶሎም ያልቃል። አብዛኛው ጉዞው አስፓልት የሆነ ሰው መካከለኛ ጥርስ ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል። የንፋሱ ልክ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሣት በፊት ነው፤ ልኩም ሞተር ሳይክሉን የሠራው ድርጅት የወሰነው ነው።

ጎማ ሳይነዳ በመደብር ተቀምጦም ይደርቃል፤ ስለዚህ ሲገዙ የተሠራበትን ጊዜ መመልከት ያስፈልጋል። በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። ዓመቱ የሚቆጠረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። 2317 የሚል ጎማ የተሠራው በእኛ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ ነው። 17 የሚለውን አይቶ 2017 ዓ.ም. የመሰለው ገዢ ስምንት ዓመት ያህል ያረጀ ጎማ በአዲስ ዋጋ ወስዶ ሊሄድ ይችላል።