እርጅናና ዕረፍት፦ የአንድ የሕክምና እምነት አነሣሥና አወዳደቅ

«እርጅና፣ ብቻህን ና» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህች አጭር አባባል ውስጥ ሁለት ነገሮች ተለይተው ይታያሉ፤ አንደኛው ማንም የማያመልጠው የዕድሜ መግፋት ሲሆን፣ ሁለተኛው እርሱን ተከትሎ የሚመጣው ደዌና የአካል መክዳት ነው። የሕክምና ሙያ እነዚህን ሁለቱን በማስረጃ ለይቶ ለማየት ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ልዩነቱ በምን አኳኋን እንደተገኘ ባጭሩ መግለጽ ነው። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ለጥንት ሰዎች እንግዳ አልነበረም። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ እርጅና በጻፈው ድርሰቱ፣ እርጅናን በመጠነኛ የአካል እንቅስቃሴና በልከኛ ምግብ መቋቋም እንደሚገባ መክሯል። በ2ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ሐኪም ጋሌንም ስለ ጤና አጠባበቅ በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ ለአረጋውያን አያያዝ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ እነዚህ ምክሮች ከልምድ የተገኙ እንጂ በቍጥር የተደገፉ አልነበሩም።

እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በሐኪም ቤቶች የገነነው ሐሳብ ተቃራኒው ነበር። ልቡን የታመመ ሰው ለሳምንታት ከአልጋው እንዳይነሣ ይታዘዝ፣ ሽማግሌም ጉልበቱን እንዲቆጥብ ይመከር ነበር። በ1947 እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸር የአልጋን ጕዳት የሚዘረዝር ጽሑፍ አወጣ። በ1952 ደግሞ ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን የልብ ሕመምተኞችን ከአልጋ አንሥተው በወንበር ላይ በማስቀመጥ ያገኙትን መልካም ውጤት አሳተሙ።

ትልቁ ማስረጃ ግን የተገኘው ከሐኪም ቤት ሳይሆን ከአውቶቡስ ነው። ዶክተር ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቹ ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 የሆኑ ወደ 31 ሺህ የሚጠጉ የሎንዶን ትራንስፖርት ሠራተኞችን አጥንተው ውጤቱን በ1953 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ለተመራማሪ የተመቸ ነበር። ሾፌሩ የሥራ ሰዓቱን ከሞላ ጎደል ተቀምጦ ሲያሳልፍ፣ ትኬት ቆራጩ ግን በቀን 600 ያህል ደረጃዎች ይወጣ ነበር። የሁለቱ መደብና ኑሮ ተቀራራቢ ነው። ሆኖም የልብ ደም ቅዳ በሽታ በትኬት ቆራጮቹ ላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሲይዛቸውም ዘግየት ብሎ የሚመጣና ገዳይነቱ የቀለለ ነበር።

«ምናልባት ወፍራሞቹ ቀድሞውንም ሾፌርነትን መርጠው ይሆን?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አልቀረም። ሞሪስ ራሱ የደንብ ልብስ መዝገብ አስመርምሮ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገብ በእርግጥ የሰፋ መሆኑን በ1956 አስታወቀ። ነገር ግን በኋላ እንደታየው፣ ቀጭኑም ሆነ ወፍራሙ ትኬት ቆራጭ ከአቻው ሾፌር ይልቅ በድንገተኛ የልብ ሞት የተጠቃው በጥቂቱ ነው። ሞሪስ በ2009 ያረፈው በ99 ዓመቱ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ መቀመጥ በራሱ ሰውን ያስረጃል ወይ የሚል ነው። በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ አምስት የ20 ዓመት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት በአልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ሰውነታቸው በብርቱ ሥራ ጊዜ ኦክሲጅንን የመጠቀም ችሎታው ከሩብ በላይ ቀነሰ። እነዚያው ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ ሲመረመሩ የታየው ውጤት የሚያስደንቅ ነበር፤ የሦስት ሳምንቱ መኝታ የአካል ሥራ ችሎታቸውን የጎዳው ከ30 ዓመት ዕድሜ ይበልጥ ነበርና።

ለብዙ አረጋውያን «ጊዜው አልፏል» የሚለውን አሳብ ያናጋው ደግሞ በ1990 በቦስተን በማሪያ ፊያታሮኔ መሪነት የታተመው ጥናት ነው። በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር ደካሞች ለስምንት ሳምንት ክብደት በእግራቸው እያነሡ እንዲለማመዱ ተደረገ። ልምምዱን የፈጸሙት የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱም ምርኩዛቸውን ተዉ።

ይህ ሁሉ ሲባል እርጅና ይቀራል ማለት አይደለም። ጡንቻ ይሳሳል፣ የልብም አቅም ከዓመት ወደ ዓመት ይቀንሳል። ነገር ግን በዕድሜ ስም የምንመዘግበው ድካም አንዱ ክፍል የመቀመጥ ዕዳ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ዕዳ ደግሞ ይከፈላል።

ነገሩ ለእኛ ልዩ ትርጉም አለው። በአገራችን ሽማግሌን ማክበር የሚገለጸው አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ በማሳረፍ ነው። «አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ፤ እኛ አለን» እንላለን። ቃሉ የፍቅር ቃል ነው፤ ውጤቱ ግን ያ የዳላስ አልጋ ሊሆን ይችላል። ጡረታ የወጣው ባልደረባችንም እንዲሁ በአንድ ቀን ከመሥሪያ ቤት ደረጃ ወደ ቤቱ ወንበር ይሸጋገራል። ስለዚህ አረጋዊን ስንመረምር ስንት ዓመቱ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በቀን ስንት ጊዜ ከወንበሩ እንደሚነሣ፣ ገበያ በእግሩ ይሄድ እንደሆነ፣ ሥራውን ማን እንደቀማው ጭምር መጠየቅ ይገባናል። ለአቅሙ የሚስማማውን ሥራ ልንተውለት፣ አብረነውም ልንራመድ ይገባል። እርጅና ብቻውን ሊመጣ የሚችለው፣ አጃቢዎቹን እኛው ራሳችን ካልጠራንለት ነው።