ፒክአፑ መኪናው አይደለም

ባለፈው የመስቀል ሰሞን ጥያ ሄጄ ነበር። ትክል ድንጋዮቹን ለማየት አይደለም፤ ዘመድ ጥየቃ ነው። የእህቴን ልጅ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ሆድ ከፍቶ፣ የመበየጃ ብረቱን አግሎ፣ ሲያመነታ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ፒክአፑን ለሁለት ልክፈለው ወይስ ልተወው?»

እንግዲህ ለዓመታት ልቦለድና ግጥም ሲያስተምር የኖረ ሰው ፒክአፕ ሲሉት ትዝ የሚለው መኪናው ነው። ልጁ ስቆ ሲያበቃ አስረዳኝ።

በጊታሩ ክሮች ሥር ያለው ፒክአፕ ማግኔት ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ዙር ተጠምጥሞበታል። የብረት ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ችግሩ፣ ጥቅሉ የመብራት መስመሩንም ዝዝታ አብሮ ይለቅማል። የጊብሰን ኩባንያው መሐንዲስ ሴት ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. መላ አመጣ፤ ሁለት ጥቅሎችን በተቃራኒ አቅጣጫ አያይዞ ማግኔታቸውንም አገላበጠ። የክሩ ድምፅ ሲደመር ዝዝታው እርስ በርሱ ተጣፋ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን ይለያዩ? ሁለቱ ሲያብሩ ድምፁ ይወፍራል፤ አንዱ ብቻውን ሲቀር ቀጥኖ ይጠራል። ስለዚህ በማብሪያ ማጥፊያ አንዱን ጥቅል ዝም ማሰኘት ተለመደ። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ዝዝታው ይመለሳል፣ ድምፁም ያንሳል። ከአንድ ጥቅል መሐል ሽቦ ስቦ ማውጣት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ገና ሲጠቀለል የሚታሰብበት ነው። ብዙዎች ሁለቱን ያምታታሉ።

የልጁ ጭንቀት የገባኝ የባንዶቻችንን ታሪክ ሳስታውስ ነው። ማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ን በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር ሲያወጣ ጊታር ብቻውን አልነበረም፤ ቤዙም ሳክስፎኑም ድራሙም የየራሱን ቦታ ይዞ ነበር። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን መድረክ አጠበበው። ቀጥሎ ኪቦርድ መጣና የብዙ ሰው ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። ዛሬ እንደ ልጁ ላለው የሰርግ ተጫዋች አጋሩ አንድ ኪቦርድ ነው። ጊታሩ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ይሁን ተብሏል።

ጊታሩ ደግሞ አንድ ነው፤ የሁለት ዓመት ቁጠባ። ያቺ ቀጭን ሽቦ ብትበጠስ ለቅዳሜው ሰርግ የሚያበድረው የለም።

«ከፒክአፑ አራት ሽቦ ይወጣል» አለኝ። «ጥቅሉን ሳልነካ ከውጪ ማገናኘት እችላለሁ። ይቺን መዘውር ስስብ ይለያያሉ፣ ስጫናት ይገናኛሉ።»

«መመለሻ ካለውማ ክፈለው» አልኩት።

ቅዳሜ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ጭፈራው ደራ። ልጁ መዘውሯን ሳባት፤ ድምፁ ቀጥኖ ከኪቦርዱ መሐል ብቅ አለ። ዝዝታውም አብሮ መጣ፤ ከእኔ በቀር የሰማው ያለ አይመስለኝም። ዘፈኑ ረገብ ሲል ግን ጣቱ ወደ መዘውሯ ሲሄድ አየሁ።